ምዕራፍ አምስት፦ ብርሃን ያዥ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይ ልትወጣ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷታል። ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ፣ ቦታው ውርጌሳ ነው። ከደሴ የሚመጣው አስፋልት ሐይቅንና ውጫሌን ከኋላው ትቶ ወደ መርሳና ወደ ወልድያ ከመቀጠሉ በፊት የሚያቋርጣት ይህች የሀብሩ ከተማ ገና እያዛጋች ነው። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ባለ የማሽላ ማሳ ዳር ስድስት ሰዎች ቆመናል። አንዲት ወጣት የአያቷን ጥበብ ቀሚስ ለብሳ ብርድ ያንቀጠቅጣታል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አንዷ የሜካፕ ቦርሳ፣ ሌላዋ መርፌና ክር ይዘዋል። የቀሚሱ ባለቤት እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ደረቴን የሚያክል ክብ ነጭ ሪፍሌክተር በሁለት እጄ ዘርግቼ ምሥራቁን እጠብቃለሁ።

ሥራዬ ብርሃን መያዝ ነው። መዝገብ ያዥ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ በአማርኛችን «ያዥ» የሚለው ቃል ከአደራ ተለይቶ አያውቅም። ገንዘብ ያዥ የሚጠየቀው በራሱ ሳይሆን በሰው ገንዘብ ነው። የፎቶ አንሺ ረዳትም እንዲሁ ነው። የሚይዘው ብርሃን የፀሐይ ነው፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት ፊት የባለቤቱ ነው፤ የሚወጣው ፎቶ በሌላ ሰው ስም ይጠራል። በዚህ ምዕራፍ አንባቢን ይዤ የምገባው ከካሜራው ጀርባ ወዳለው ወደዚህ የአደራ ሥራ ነው። አንድ ጭብጥ ያለው ፎቶ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያቆመውና በምን እንደሚበላሽ ከቅርብ የሚያየው ረዳቱ ነውና።

የሆነውን ማንሳት፣ ያሰቡትን ማንሳት

ፎቶ ማንሳት ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉት። የዜና ፎቶ አንሺ የሆነውን ያነሳል፤ ሰዉን እንዲህ ቁም፣ እንዲህ ልበስ ማለት አይችልም፤ ካለ ሙያውን አፍርሷል። በጭብጥ የሚያነሳው ግን መጀመሪያ ሐሳብ ይይዛል፤ ከዚያ ለሐሳቡ ቦታ፣ ልብስ፣ ዕቃ፣ ሰውና ሰዓት ይፈልግለታል። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት በሰው ጭንቅላት ውስጥ አለ።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በየከተማው የነበሩት ፎቶ ቤቶች ግድግዳቸው ላይ ፏፏቴና አበባ ያሠሉ ነበር። ባለጉዳዩ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ኮትና ክራባት ተውሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ በሥዕሉ ፊት ይቆማል። ያ ኮት ጭብጥ ነበር፤ «ነገ እንዲህ እሆናለሁ» የሚል ጭብጥ። ዛሬም ልጆቻችንን ለእንቁጣጣሽ የሐበሻ ልብስ አልብሰን፣ አደይ አበባ አስይዘን ስናስነሳ፣ ሙሽሮች ከሠርጉ አስቀድመው በየመናፈሻው ሲነሱ፣ ያው ሥራ ነው የሚሠራው።

የእኛ ጭብጥ «የእናት ሣጥን» የሚል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በእናቶችና በአያቶች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የኖረውን ልብስና ጌጥ ልጆቻቸው ለብሰው፣ ልብሱ በተለበሰበት መንደር እንዲነሱ። እትዬ ሣጥናቸውን ሲከፍቱልን አብሬ ነበርኩ። ቀሚሱ፣ መቀነቱ፣ የብር ድሪውና አልቦው አንድ በአንድ ወጣ። ፎቶግራፍ ግን አልነበረም። ጦርነቱ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚህ ሲደርስ ቤታቸውን ጥለው ሸሽተዋል። «ቀሚሱን በነጠላ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት። ፎቶዎቹ ግድግዳ ላይ ነበሩ፤ ስመለስ ግድግዳውም የለ» አሉኝ። በዚያ ቀሚስ የተነሱት የሙሽርነት ፎቶ ከጠፉት አንዱ ነው። ለእኛ ጭብጥ የሆነው ነገር ለእርሳቸው ሕይወት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከአንድ ቀን በፊት

የፎቶ ቀን የሚሠራው በዋዜማው ነው። ረዳቱ ገና በቀኑ ባትሪውን በሙሉ ቻርጅ ያደርጋል፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል መተማመኛው የሌሊቱ ሰዓት ሳይሆን የቀኑ ነው። ሚሞሪ ካርዶቹን ይቆጥራል፤ ባዶዎቹን በአንድ ኪስ፣ የሞሉትን በሌላ ኪስ እንደሚያደርግ ከራሱ ጋር ይስማማል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ የቀኑ ሥራ በአንድ ቁልፍ ሊጠፋ ይችላልና። ሌንሶቹን ይጠርጋል። የፍላሹን ሬዲዮ ይሞክራል። በመጨረሻም የፎቶዎቹን ዝርዝር ከፎቶ አንሺው ጋር ተቀምጦ ያነባል፦ የትኛው በጠዋት፣ የትኛው በጥላ፣ የትኛው በመሸ።

ዝርዝሩ የሚጻፈው በአየሩና በፀሐይ መንገድ ነው። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ከአድማስ ተነስታ ወደ ላይ የምትወጣው ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል። ለንደን ላይ ግን አግድም እየተንሸራተተች ነው የምትወጣው። ስለዚህ አውሮፓዊው ፎቶ አንሺ ለረጅም ጊዜ የሚያጣጥመው ወርቃማ ብርሃን ውርጌሳ ላይ በ40 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ማታ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በምዕራብ በኩል የቆመው ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ ይውጣታል። ስድስት ሰው፣ አንድ ቀሚስ፣ 40 ደቂቃ። ረዳቱ ሮጦ የሚያመጣው ዕቃ ከሌለው፣ ሁሉ በእጁ ከሆነ፣ ያቺ 40 ደቂቃ ትበቃለች።

በዋዜማው አንድ ነገር ረሳሁ። የመብራት ማቆሚያው ስታንድ እግር ላይ የሚጫነውን የአሸዋ ከረጢት። ጠዋት አየሩ ጸጥ ያለ ስለነበር አላስጨነቀኝም። ነገር ግን ተራራ ሥር ያለ አገር የራሱ የነፋስ ሰዓት አለው፤ ፀሐይ ሽቅቡን ስታሞቀው የሞቀው አየር ገደሉን ተከትሎ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከታች ከቆላው ሌላ አየር ይተካል። 3 ሰዓት ላይ ነፋሱ መጣ። በስታንዱ ላይ የተሰቀለው ጃንጥላ እንደ ሸራ ተነፋና መብራቱን ይዞ ወደቀ። ከልጅቷ ትከሻ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ እትዬ ለፎቶው ያዋሱን ጀበና ላይ።

ጀበናው ለሁለት ተከፈለ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እትዬ ከበርጩማው ብድግ ብለው መጀመሪያ ልጅቷን አዩ፤ ቀጥለው እኔን። «አብሽሪ ልጄ፣ ሸክላ ነው። ሰው ይዳን እንጂ» አሉ። ከዚያ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ከቤት አስመጡና ልጆች ወደ ጅረቱ ላኩ። በእርጥብ አሸዋ የተሞሉት ማዳበሪያዎች ስታንዱ እግር ላይ ተቀመጡ፤ ቀኑን ሙሉ አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለዚህ ሙያ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምናገረው ስለ አሸዋ ነው። ፎቶ ላይ የማይታይ ክብደት ነው ሰዉን የሚጠብቀው።

ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት

አሁን ወደ ብርሃኑ እንመለስ፤ የሙያው ምሥጢር እዚህ ነው ያለው።

ካሜራ ዓለምን የሚለካው በአንድ ግምት ነው፦ የማየው ሁሉ ሲደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ያምናል። ባለሙያዎች ይህን ከላዩ ካረፈው ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ይሉታል። የሐበሻ ቀሚስ ግን ነጭ ነው፤ ያረፈበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ካሜራው ያን ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ምስሉን ያጨልማል፤ ቀሚሱ አመድ ይመስላል፣ የልጅቷ ጠይም ፊት ደግሞ በጥላ ውስጥ ይሰጥማል። ፊቷን ለማዳን ብርሃኑን ብንጨምር የቀሚሱ ጥልፍ ነጭ ለጥ ያለ ወረቀት ይሆናል፤ አያትየው ዓይናቸውን ያፈሰሱበት ክር አንዱም አይታይም። በየሠርጉ አልበም የምናየው ፊት የጠፋበት ወይም ጥበብ የጠፋበት ፎቶ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መፍትሔው በፊትና በቀሚስ መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት ማጥበብ ነው። ያ ነው የሪፍሌክተሩ ሥራ። ልጅቷ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ስትቆም ብርሃኑ ከኋላ ፀጉሯንና የነጠላዋን ጫፍ ይነካል፤ እኔ ከፊቷ ሆኜ ያንኑ ፀሐይ በነጭ ጨርቅ ተቀብዬ ወደ ፊቷ እመልሰዋለሁ። አያያዙ ሕግ አለው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ ትንሽ የመብራት ምንጭ ግማሽ እርምጃ መጠጋት ወይም መራቅ ፎቶውን ይለውጠዋል፤ ትልቅ ጨርቅ ሲሆን ለውጡ ይለዝባል፣ ግን አይጠፋም። ከላይ ወደ ታች ከያዝኩት ፊቷ የተፈጥሮ ይመስላል፤ ከጉልበቷ በታች ሆኜ ወደ ላይ ከመለስኩት ፊቷ የሚያስፈራ ይሆናል፤ ሰው ፊት ላይ ከመሬት የሚመጣ ብርሃን ያየነው የእሳት ዳር ተረት ስንሰማ ነውና። የብር ቀለም ያለው ሪፍሌክተር ኃይለኛ ነው፤ በቀጥታ ዓይኗ ላይ ካረፈ ዕንባዋን ያወርደዋል። ነጩ ግን ይታገሣል። ዓይኗን እንድትጨፍን ነግሬ፣ ቦታዬን ይዤ፣ «አሁን ክፈቺ» እላታለሁ፤ ፎቶ አንሺው በዚያች ቅጽበት ይጫናል።

የዚህ ችግር አንዱ ክፍል ተፈጥሮ አይደለም፤ ሰው ሠራሽ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት በዓለም ላይ ባሉ ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ልኬት የሚስተካከለው ኮዳክ በሚልከው ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። እሷ ያማረችበት ልኬት ትክክል ነው ተባለ፤ ጥቁር ፊት በዚያ ልኬት ሲታጠብ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊልሙ እንዲሻሻል ከገፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች ነበሩ፤ ቡናማው ሸቀጣቸው በማስታወቂያ ላይ በትክክል አልወጣ ብሏቸው። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች አብረው የሚታዩበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን በየቤቱ ግድግዳ ላይ የጠቆሩት የዘመዶቼ ፎቶዎች ትዝ አሉኝ። ጠይም ፊትን በብርሃን ማክበር ለእኛ ቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ ዕዳ ነው።

የብር ጌጡ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በአገራችን ብዙ የብር ጌጥ የተሠራው ማርትሬዛ ብር እየቀለጠ ነው፤ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት፣ 28 ግራም የሚመዝነው ያ የኦስትሪያ ብር። የተወለወለ ብር መስታወት ስለሆነ የሚያሳየው ራሱን ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ነው። ጥቁር ጃኬት ለብሼ ፊቱ ብቆም ድሪው ይጠቁራል። ስለዚህ ድሪውን በቅርብ ስናነሳ እትዬ የራሳቸውን ነጭ ነጠላ ሰጡኝ፤ በሁለት እጄ ከጌጡ ፊት ዘረጋሁት። ብሩ ነጠላውን አየ፤ ፎቶው ላይም በርቶ ወጣ።

የነሐሴ 16 ፀሐይ

በዚህ አካባቢ የሚነሱ ጭብጥ ያላቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ የሚያነጣጥሩት የልጃገረዶችን በዓል ነው። ነሐሴ 16 ሲገባ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ልጃገረዶቹ ተሠርተው፣ አጊጠው፣ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። ፎቶ አንሺዎችም ይከተሏቸዋል።

ረዳት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ውርጌሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ አንዱ ሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ሌላው ነሐሴ 16 አካባቢ። በዓሉ በገባ ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ሰው ጥላውን ረግጦ ይቆማል። ለፎቶ ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም፤ የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይሸፍናል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወርዳል። የደስታ ቀን ፎቶ የኀዘን ይመስላል። ደግነቱ ወሩ ክረምት ነው። ደመና ሲጋርድ ሰማዩ ሁሉ አንድ ሰፊ ጃንጥላ ይሆናል፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ለስልሶ ይመጣል። ደመና ከሌለ የዋርካ ጥላ ወይም የቤት በር አፍ ይፈለጋል፤ ልጅቷ ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ውጭው ትመልሳለች። ሪፍሌክተር ባይኖርም ደጅ ያለው ደረቅ መሬት ብርሃኑን ይመልስላታል።

ዳሎል ላይ የተተከለ ስቱዲዮ

ከመሬት የሚመለስ ብርሃን እስከ ምን ሊሄድ እንደሚችል ለማየት ከወሎ ተራሮች ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን፣ ወደ አፋር መውረድ ያስፈልጋል።

አይዳ ሙሉነህ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ፣ በልጅነቷ በየአገሩ ዞራ፣ አሜሪካ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ጋዜጠኛ የነበረች ባለሙያ ናት። ወደ አገሯ ተመልሳ በ2010 (እ.ኤ.አ.) አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። የሆነውን በማንሳት የጀመረችው አይዳ ዛሬ በዓለም የምትታወቀው ያሰበችውን በማንሳት ነው፦ በነጭና በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ፊት፣ ደማቅ ቀይ ልብስ፣ ባዶ የሚመስል ሰፊ ሰማይ። ምስሉን አስቀድማ በወረቀት ትነድፋለች፤ ከዚያ ነው ሰውና ቦታ የሚፈለግለት።

በ2018 (እ.ኤ.አ.) ዋተርኤይድ የተባለው ድርጅት ስለ ውኃ እጦት እንድትሠራ ጠየቃት። የውኃ እጦት ሲባል ዓለም የለመደው ፎቶ አለ፦ የተሰነጠቀ መሬት፣ የደረቀ ከንፈር፣ ስሙ ያልተጠየቀ ሕፃን። አይዳ ያንን አልፈለገችም። ጄሪካንና ሞዴሎችን ይዛ ወደ ዳሎል ወረደች። «የውኃ ሕይወት» የሚለው ተከታታይ ሥራዋ 12 ምስሎች አሉት፤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ለንደን በሚገኘው ሰመርሴት ሃውስ ታይቷል። በምስሎቹ ውስጥ ያሉት ሴቶች ለልመና እጃቸውን አልዘረጉም። እንደ ንግሥት ቆመዋል፤ ሸክሙም ዘውድም የሆነ ነገር ተሸክመዋል። ተመልካቹ መጀመሪያ ውበቱን ያያል፤ ከዚያ ጄሪካኑን ያያል፤ ከዚያ በአገራችን ውኃ የመቅዳት ሸክም የማን ጫንቃ ላይ እንደሆነ ራሱን ይጠይቃል።

እነዚህን ምስሎች ሳይ እኔ የሚታየኝ ግን ከፍሬሙ ውጪ ያለው ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ የተመዘገበበት ምድር ነው። ነጩ ጨው እንደ ትልቅ ሪፍሌክተር ብርሃኑን ከታች ወደ አገጭ ይመልሳል፤ ረዳቱ ብርሃን ከመጨመር ይልቅ በጥቁር ጨርቅ ብርሃን መቀነስ የሚኖርበት ዓይነት ቦታ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ሜካፕ ይቀልጣል፣ ካሜራ ይግላል፣ ጨዋማ አቧራ የዕቃውን ብረት ይበላል፣ ሰው ውኃ ካልጠጣ ይወድቃል። ስለ ውኃ እጦት የሚናገር ፎቶ ለመሥራት መጀመሪያ የሚጫነው ዕቃ የመጠጥ ውኃ ነው። ያን ውኃ የሚቆጥር፣ ለእያንዳንዱ ሰው በሰዓቱ የሚያደርስ፣ ሞዴሏ ላይ ጥላ የሚይዝ ሰው በሌለበት ያ ንጉሣዊ ጸጥታ ምስሉ ላይ አይመጣም።

የልዑሉ ልብስ

ጭብጥ ሰውን ሊያከብር እንደሚችል አይተናል። ሊሸፍነውም ይችላል። የዚህም ምሳሌ ከወሎ ምድር የተነሳ ነው።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዛሬው ደቡብ ወሎ ወደሚገኘው መቅደላ ሲመጣ ካሜራ ይዞ ነበር፤ ከጦሩ መሐንዲሶች መካከል ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ሞቱ። እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ መንገድ ላይ አረፉ። የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ በካፒቴን ስፒዲ ሞግዚትነት እንግሊዝ ደረሰ። ስፒዲ ቀድሞ ቴዎድሮስን አገልግሎ ባሻ ፈለቀ የተባለ ሰው ነው። ሐምሌ ላይ፣ እናቱን ባጣ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ ልጁ ዋይት በምትባለው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። ካሜሮን በዘመኗ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ነበረች፤ ዘመዶቿንና የቤት ሠራተኞቿን የተረትና የቅዱሳት መጻሕፍት ሰዎች አስመስላ በጭብጥ ታነሳ ነበር። ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለበሰ። ልጁ ከእርሱ ጋርም ብቻውንም ተነሳ።

በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሳበት ብርጭቆ በኬሚካል ተነክሮ ሳይደርቅ መነሳትና መታጠብ ነበረበት፤ ኬሚካሉ እጅ ያጠቁራል፤ ካሜሮን ደግሞ ተነሺዎቿን ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀሱ ታቆያቸው ነበር። ሜሪ ሂሊየር የምትባለው የቤት ሠራተኛዋ በብዙ ፎቶዎቿ ላይ የማርያም ምሳሌ ሆና ተነስታለች። ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው የካሜሮንን ስም ነው።

ፎቶዎቹ ውብ ናቸው። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ለስልሶ ይመጣል፤ እንደ ሙያተኛ አደንቀዋለሁ። የልጁን ፊት ሳይ ግን እጄ የያዘውን ያጣል። አይስቅም። የሚያየው ሩቅ ነው። የገዛ አገሩ ልብስ በዚያ ክፍል ውስጥ ጭብጥ ሆኗል፤ ለእርሱ ግን ልብሱን ለምን እንደለበሰ፣ ፎቶው ወዴት እንደሚሄድ የነገረው ሰው ስለመኖሩ ምስሉ አይነግረንም። ዓለማየሁ በ1879 (እ.ኤ.አ.)፣ በ18 ዓመቱ፣ እዚያው እንግሊዝ አረፈ። ፎቶዎቹ አሉ። እኔ ሪፍሌክተር ይዤ በሰው ፊት በቆምኩ ቁጥር ያንን ልጅ አስበዋለሁ፤ ለተነሺው ሰው ከማንም ይበልጥ ቅርብ የቆምኩት እኔ ነኝና፣ ብርዱን፣ ድካሙን፣ «ይብቃኝ» የሚለውን ዓይኑን መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ያየሁትን መናገር ሥራዬ ነው።

ፈቃድ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ታዋቂ ሰው፣ ባለሥልጣን ወይም በአደባባይ የተደረገ ጉዳይ ሲሆን ሕጉ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ የማሽላ ማሳ ዳር የቆመች ልጅ ግን ከነዚህ አንዷም አይደለችም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሹት ላይ የፈቃድ ወረቀት ይፈረማል፤ ወረቀቱን የሚይዘውም ብዙ ጊዜ ረዳቱ ነው።

ከውርጌሳ በስተደቡብ ጎረቤት ያለችው ውጫሌ ይህን ለማስረዳት ትመቻለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ይል ነበር፤ ያ ልዩነት አድዋ ድረስ ወሰደን። ሰው ያልገባውን ከፈረመ አልፈቀደም። ለዚህ ነው ወረቀቱን ለእትዬና ለልጅ ልጃቸው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት፦ ፎቶው የት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያየው፣ ይሸጥ እንደሆነ፣ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ለማን እንደሚደውሉ። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ለእኔስ ይደርሰኛል?»

ይህ ጥያቄ በየገጠሩ ካሜራ ይዞ የሄደን ሰው ሁሉ ይመለከታል። «እንልክላችኋለን» ብሎ የሄደ፣ ያልላከ፣ ስንት አለ። «እኔ ራሴ አመጣዋለሁ» አልኳቸው፤ ወረቀቱ ላይም በእጄ ጨመርኩት።

ቋጠሮው

ከነፋሱ በኋላ፣ አዲስ ጀበና ከገበያ ተገዝቶ እስኪመጣ፣ ልጅቷ ቀሚሱን ዳግም አስተካክላ ቆመች። ልብስ አስተካካይዋ ባልደረባችን መቀነቱን ፋሽኑ እንደሚሻው ዝቅ አድርጋ፣ ጫፉን በአንድ ጎን ለቃ አስራዋለች። በካሜራው ስክሪን ላይ ያምራል። እትዬ ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ምንም አላሉም። ፎቶ አንሺው ሌንስ ላይ ዓይኑን ተክሏል፤ አላየም። እኔ አየሁ።

«እትዬ፣ እንዲህ አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

ተነስተው መጡ። መቀነቱን ፈቱት፤ ከፍ አድርገው ወገቧ ላይ አጥብቀው ዙር፣ እንደገና ዙር አዞሩት፤ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸጎጡና ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። የልጅቷ ጀርባ ቀና አለ። አገጯ ከፍ አለ። አቋሟ ተለወጠ፤ ያን አቋም ለማምጣት ፎቶ አንሺው ጠዋቱን ሙሉ «ትንሽ ቀና በይ» ሲላት ነበር። «አሁን! እንዳትነቃነቂ!» አለ። ነጠላውን ዘረጋሁ። ተጫነ።

ያን ዕለት ማታ፣ እትዬ ቡናውን ጀባ ብለውን በረካው እስኪደርስ፣ ካርዶቹን ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ሁለት ቅጂ ሳይኖር ካርድ አይጠረግም፤ ይህም የያዥነት ሕግ ነው።

በጥር ወር ተመልሼ ውርጌሳ ወረድኩ። ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ፣ በካርቶን አጣብቄ፣ በጉልበቴ ላይ ይዤ ነው ከደሴ የተሳፈርኩት። እትዬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። መነጽር የላቸውም፤ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ረጅም ጊዜ አዩት። የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ጣታቸው ግን ፊቱን አልፎ ወረደ፤ ድሪውን አልፎ፣ ወገቧ ላይ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠው መቀነት ላይ ቆመ።

«ይቺ የእኔ እጅ ናት» አሉ።

ከዚያ ፎቶውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሣጥኑ ሲከፈት ከደጅ ሆኜ ሰማሁት።